ለወንድሜ ማክቡክ ከኢቤይ ልግዛለት?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለገባው ወንድሜ ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ያገለገለ ማክቡክ (የአፕል ላፕቶፕ) እየተጫረትኩ ነው። ሻጩ «ጨረታውን ተዪው፤ በዜል ላኪልኝና 100 ዶላር ልቀንስልሽ» አለኝ (ዜል ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ ነው)። ልስማማ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ እንዳትልኪ! የኢቤይ የገንዘብ መመለስ ዋስትና የሚሠራው እዚያው ኢቤይ ላይ ስትከፍዪ ብቻ ነው። በዜል የሄደን ገንዘብ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው። ሰውዬውን ለኢቤይ ጠቁሚና ሌላ ሻጭ ፈልጊ። «ለመለዋወጫ» ተብሎ የቀረበውንም እለፊው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ወገኖቻችን ካርቶኑን ሳይከፍቱ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ መንገደኛ ይሰጣሉ። ዋስትናው ግን ወደ ሌላ አድራሻ የተላለፈ ዕቃን አይሸፍንም፤ ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜም ከደረሰሽ ጀምሮ 30 ቀን ነው። ስለዚህ እዚያው ቤትሽ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፊና ከዋይፋይ ጋር አገናኝተሽ እንደ አዲስ አስነሺው። «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ ኮምፒውተሩ አሁንም በአንድ መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ሥር ነው ማለት ነው። የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ከጠየቀሽም አሁንም በእሱ ስም ተቆልፏል ማለት ነው። ወዲያው ፎቶ አንሺና የመመለሻ ጥያቄ ክፈቺ። የባትሪውን «ሳይክል ካውንት» (ስንት ጊዜ ሙሉ ኃይሉን እንደተጠቀመ የሚያሳየውን ቁጥር) ሳታዪም እንዳትልኪው፤ የቅርብ ዓመታት ማክቡኮች ጣሪያ 1000 ነው።