መልስ፦ ልጄን ከየት ልጀምርላት?
የሦስት ዓመት ልጅዎ መናገር አለመጀመሯን፣ ጤና ጣቢያው ወደ ወረዳ፣ ወረዳው ወደ መዋዕለ ሕፃናት፣ መዋዕለ ሕፃናቱም መልሶ ወደ ጤና ጣቢያ እንደላከዎት ገልጸው ከየት ልጀምር ብለዋል። ከሁሉ አስቀድሞ የመስማት ምርመራ ይደረግላት፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ ቃላትን መልመድ ስለሚከብደው፣ ይህ ሳይለይ የሚሰጥ ድጋፍ መንገዱን ሊስት ይችላል።

እኛም የካ አባዶ ስንኖር በልጄ ጉዳይ ሁለት ዓመት ያህል ተንከራተናል። ነገሩ የተቃናልን አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤታችን መጥታ፣ አጠገቡ ቡና ሲወቀጥ እንኳ ዘወር እንደማይል ተመልክታ፣ ያየችውን ከነቀኑ ጽፋ ከሰጠችን በኋላ ነው። ያንን ወረቀት ከሪፈራሉና ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ክላሰር አድርገን በሄድንበት ሁሉ ኮፒውን ስንሰጥ፣ በየቢሮው ታሪኩን ከሀ መጀመር ቀረልን። እናት ልጇን አዝላ የምታመላልሰው መረጃ በመሥሪያ ቤቶቹ መካከል ሊሄድ የሚገባው ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ለወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ባለሙያ በስም እንዲመደብልዎት፣ እርሱም የጤና ጣቢያውንና የመዋዕለ ሕፃናቱን ሰዎች ከእርስዎ ጋር በአንድ ጠረጴዛ እንዲያገናኝ ይጠይቁ። ምርመራው እስኪያልቅ ተብሎም ልጅዎ ቤት መቅረት የለባትም፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል።