ያላየሁት ጥያቄ ሲመጣብኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። የቆዩ የማትሪክ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ሠርቼ ጨርሻለሁ። ሞዴል ፈተና ላይ ግን ጥያቄዎቹ ተጠማዝዘው መጡብኝ። የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ እዚሁ ጎንደር ፊዚክስ ሳስተምር ነው የኖርኩት። እንዳንቺ ተግተው አጥንተው ፈተና ላይ የሚደነግጡ ልጆችን ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ስንፍና አይደለም። መልሱን አጠገብሽ አድርገሽ ስትሠሪ የምትይዢው የጥያቄውን መልክ ነው። መልኩ ሲቀየር ሐሳቡን አታገኚውም።

እስቲ ይችን ሥሪ። አንድ ሚኒባስ ከፒያሳ አዘዞ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ በ60 ተመለሰ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ብዙ ልጅ ደምሮ ለሁለት ያካፍልና 50 ይላል። መንገዱን 12 ኪሎ ሜትር እንበለው። መሄጃው 18 ደቂቃ፣ መመለሻው 12 ደቂቃ ይፈጃል። 24 ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት ማለት ነው። መልሱ 48 ነው። 50 ደግሞ ከምርጫዎቹ መሃል መኖሩ አይቀርም! ፈታኙ ያስቀመጠው የሚቸኩለውን ልጅ አስቦ ነው።

ስለዚህ አንድ የቆየ ጥያቄ ስትሠሪ ትክክለኛውን አክብበሽ አትለፊ። በቀሩት ሦስት ምርጫዎች አጠገብ በእርሳስ «ይህን የሚመርጠው ምን የረሳ ተማሪ ነው?» ብለሽ መልሱን ጻፊ። ከዚያ ጥያቄውን ራስሽ ቀይሪው። አማካይ ፍጥነቱን ስጪና የመመለሻውን ጠይቂ። በቀን ሃያ ጥያቄ ከመሸምደድ አምስቱን እንዲህ ብታገላብጪ እመርጣለሁ።

ሌላው፣ የተማርሽውን ቤትሽ ውስጥ ፈልጊው። ንፍሮ ቶሎ የሚበስለው መተማ ነው ጎንደር? መጽሐፉ ስለ ንፍሮ አያወራም። ግን ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል እንደሆነ ተምረሻል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውሃችን 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። መተማ ቆላ ነው፤ ውሃው የሚፈላው የበለጠ ግሎ ነው፤ ንፍሮውም ይቀድማል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢመጣብሽ አዲስ የሚሆንብሽ ንፍሮው ብቻ ነው።

አዳራሽ ውስጥ ስትገቢ፣ ጥያቄው እንግዳ ከሆነብሽ ምርጫዎቹን በእጅሽ ሸፍኛቸው። የተሰጠሽን ከነመለኪያው ጻፊ። የተጠየቅሽውን ጻፊ። «የየትኛው ምዕራፍ ሐሳብ ነው?» በይ። «ኖት» (አይደለም) እና «ኤክሴፕት» (በስተቀር) የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አስምሪባቸው፤ ጎበዝ ተማሪም እነሱ ላይ ነጥብ ይጥላል።

አሁንም አልገባ ካለሽ ምልክት አድርገሽ እለፊው፤ አንድ ጥያቄ የአሥሩን ሰዓት እንዳይበላብሽ። ስታልፊው ግን መልስ መስጫው ላይ የዚያን ቁጥር መስመር ክፍት ተዪ። ካልተውሽ ከዚያ በኋላ ያጠቆርሽው ሁሉ በአንድ መስመር ይንሸራተታል። በየአሥሩ ጥያቄ የጥያቄውንና የመልስ መስጫውን ቁጥር አስተያዪ።