ፉክክሩ በምን ላይ ይሁን?

«ማኔጅድ ኬርን (የትኛው ሕክምና፣ የት እንደሚሸፈን መድን ድርጅቱ የሚወስንበትን አሠራር) የሚያስተካክለው የኢንሹራንሶች ፉክክር ነው ወይስ የመንግሥት ቁጥጥር?» ብለህ ጠይቀሃል። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የጤና መድን ድርጅት የይግባኝ ክፍል ስድስት ዓመት ስለሠራሁ፣ ያየሁትን ልንገርህ።

በመጀመሪያ የሚፎካከሩት በምን እንደሆነ ጠይቅ። ለመድን ድርጅት ከሁሉ የሚያተርፈው ደንበኛ የማይታመመው ነው፤ በሽተኛን በደንብ ከማከም መሸሽ ይቀላል። ድሮ ለብቻው መድን የሚገዛን ሰው «ቀድሞ በሽታ አለብህ» ብለው ይመልሱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኦባማኬር የተባለው የጤና መድን ሕግ ይህን ከ2014 ጀምሮ ከለከለ። በሩ ቢዘጋም መስኮቱ ግን አልተዘጋም። በኔትወርኩ (ውል በተዋዋላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ዝርዝር) ምርጥ የስኳር ሐኪሞችን የያዘ ድርጅት የስኳር ሕመምተኛው ሁሉ ይጎርፍለትና ይከስራል። ገበያው ብቻውን ሲተው ጎበዙን ይቀጣል ማለት ነው። ስለዚህ ለእኔ ትልቁ ቁጥጥር ማንም የማያወራለት ነው፦ ጤነኞችን የሰበሰበው ድርጅት በሽተኞችን ለያዘው ገንዘብ እንዲከፍል የሚያስገድደው ማካካሻ። እሱም ቢሆን ይጭበረበራል፤ አባሉን በወረቀት ላይ ከሕመሙ በላይ አሳምሞ መጻፍ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው የሚጠቅም ቁጥጥር የይግባኝ መብት ነው። የጀርባ ኤምአርአይ የተከለከለ ሰው ይግባኝ አለ፤ በቀናት ውስጥ ተፈቀደለት። አዲስ ማስረጃ አልመጣም፤ የሐኪሙ ደብዳቤ ድሮም ፋይሉ ውስጥ ነበር፣ ያነበበው አልነበረም እንጂ። እንቅልፍ የሚነሱኝ ይግባኝ ያላሉት ናቸው። ሕጉ ከድርጅቱ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ገምጋሚ ሰጥቷል፤ ውሳኔውም ድርጅቱን ያስገድዳል። ፋይሉ ወደ ውጭ ሊሄድ እንደሚችል ሲያውቁ፣ የእኛዎቹ ገምጋሚዎች «አይፈቀድም» ከማለታቸው በፊት ሁለቴ ያነቡ ነበር። ዋጋ ያልተመነ፣ ሕክምና ያልዘረዘረ ቁጥጥር ነው፤ ግን ሠርቷል።

የማልወደውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ለወለደች እናት ቢያንስ 48 ሰዓት፣ በቀዶ ጥገና ለወለደች 96 ሰዓት የሆስፒታል ቆይታ እንዲሸፈን ደነገገ። ተገቢ ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ በሽታ ኮንግረስ ሰዓት ሊቆጥር ነው? ከሚሰበሰበው ፕሪሚየም (ደንበኛው ለመድኑ ከሚከፍለው) 80 ወይም 85 በመቶው ለሕክምና ይዋል የሚለውም ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን የሕክምና ዋጋ በናረ ቁጥር የቀረው 20 ወይም 15 በመቶም አብሮ ያድጋል፤ ታዲያ ድርጅቱ ከሆስፒታሉ ጋር ምን ብሎ ይከራከር?

ደግሞ በከተማው ያለው ሆስፒታል አንድ ብቻ ከሆነ አምስት ኢንሹራንስ ቢፎካከርም ዋጋውን የሚጠራው ሆስፒታሉ ነው። እዚያ መንግሥት የሆስፒታሎችን ውህደት ቀድሞ ካልከለከለ፣ ከዋጋ ተመን ሌላ መድኃኒት አላየሁም።