ያው ቀልድ፣ ያው ሶፋ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ አልቋል። ባለቤቴ "ሬድ ድዋርፍ" የሚባለውን የእንግሊዞች ተከታታይ ኮሜዲ እንደገና ከክፍል አንድ ጀምሯል። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረ ነው፤ የጠፈር መርከቡ ከካርቶን የተሠራ ይመስላል። ባለቤቴ ቀልዱ ሳይደርስ ይስቃል። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት እሱ ይጨርስለታል። ያ ሪመር የሚሉት ሰውዬ እጁን እያሽከረከረ ሰላምታ ሲሰጥ፣ የእኔውም ከሶፋው ላይ ሆኖ ያሽከረክራል።

አዲስ ነገር እንይ ስለው "እሺ፣ ይቺን ክፍል ብቻ" ይላል። ይቺ ክፍል አታልቅም። ውሃ ልጠጣ ስነሳ እንኳ ያቆመዋል። ተመልሼ እስክቀመጥ ስለሚጠብቅ የግማሽ ሰዓቱ ክፍል አንድ ሰዓት ይፈጃል። ባለፈው ደግሞ ሮቦቱን ክራይተንን ሆኖ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተወነው አንድ ሰው ነው ብሎ ድርቅ አለ። በሁለተኛው ሲዝን ሌላ ተዋናይ እንደነበረ ያረምኩት እኔ ነኝ። ይሄ አድናቂ ይባላል?

ማታ ማታ ሌላ ወሬ የለንም። እንዴት ዋልሽ እንኳ አይለኝም። አንዳንዴ ሳስበው፣ ከእኔ ጋር የሚያወራው አልቆበት ይሆን የሰው ንግግር የሚዋሰው?

ሪሞቷን የተነጠቀች

እህቴ፣

አስቀድሜ ልናዘዝ፤ እኔም የዚያው ፊልም ሱሰኛ ነኝ። ዳኝነቴን እንዳታምኚው።

ውሃ ልትጠጪ ስትነሺ ያቆመዋል አልሽ። ይህን ጥፋት አድርገሽ ከሰዓት ብክነት ጋር ደመርሽው። ሰውዬው እኮ ክፍሉን በቃሉ ያውቀዋል! ብቻውን መሳቅ ቢበቃው ኖሮ ለምን ይጠብቅሻል?

ደግሞስ ፊልም የሰለቻት ሴት የክራይተን ተዋናይ መቀየሩን በምን አወቀች? ያን ማታ ስንት ሰዓት ተከራከራችሁ? እሱን አልጻፍሽልኝም።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ። የመርከቡ ሠራተኛ ሊስተር ጊዜ በማይቆጥርበት ክፍል 3 ሚሊዮን ዓመት ታሽጎ ኖሮ ሲነቃ የመርከቡ ሰው ሁሉ አልቋል። ኮምፒውተሩ ሆሊ ከሟቾቹ አንዱን ብቻ በሆሎግራም፣ ማለትም በሚናገር የብርሃን ምስል፣ ማስነሳት ይችላል። ሊስተር የሚያፈቅራት ኮቻንስኪ ነበረች፤ እሷን አላስነሳም። ሌት ተቀን ሲነታረከው የነበረውን ሪመርን አስነሳ። ሊስተር እንዳያብድ የሚያደርገው እሱ ነው ብሎ። እኔ በዚህ ነገር ሆሊን አምነዋለሁ። የመጀመሪያውን ሲዝን ከሁሉም የምወደውም ለዚህ ነው፤ ጭራቅ የለ፣ ጦርነት የለ፣ ሁለት ሰዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ይጨቃጨቃሉ። አንቺም ተዋናዩን ስታርሚ እዚያው ክፍል ገብተሻል።

እንዴት ዋልሽ አለማለቱ ግን ጥፋት ነው። በዚህ አልከራከርለትም፤ አፉን ለሪመር አውሶ ለሚስቱ መዝጋት ነውር ነው። አንቺስ? ፊልሙ ቆሞ፣ ሰውዬው ፊቱን ወደ አንቺ አዙሮ ሲጠብቅ፣ ዝም ብለሽ መጥተሽ ትቀመጫለሽ!

ዛሬ ማታም ተነሺ። ስትመለሺ ሪሞቱን ከመጫኑ በፊት "ቆይ፣ ዛሬ የገጠመኝን ልንገርህ" በይው። ውሃውንም ለሁለት ቅጂው።