ጊደሯን የነደፈው እባብ፣ ወይፈኑን የገደለው ሌላ ነገር

ጥያቄው የመጣው ከቋራ ነው። ጠያቂው ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርቱ፣ ከብቶቻቸውን ጫካ የሚያሰማሩ አባወራ ናቸው።

«ባለፈው ሳምንት ከብቶቹን ልመልስ ጫካ ስገባ የ2 ዓመት ጊደሬ አፍንጫዋ እስከ ዓይኗ አብጦ፣ እያለከለከች ቆማ አገኘኋት። እረኛው ልጄ ሣሩ ውስጥ አጭርና ወፍራም እባብ አይቻለሁ ይላል። ጎረቤት አንገቷን እሰር፣ እብጠቱን ብጣው አለኝ። ፈራሁና ተውኩት። አሁን ሣር መንጨት ጀምራለች። አምና ግን አንድ ወይፈን ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት ሞቶ አገኘነው። ባፍንጫው ደም ፈሶ ነበር። እባብ ነው ተባለ፤ ቆዳውን ገፈን ጣልነው። አሁን የሰሊጥ አጨዳ ደርሷል፣ ሠራተኛ እቀጥራለሁ። ለከብቱም ለሰውም ምን ላድርግ? እባቡንስ ፈልጌ ልግደለው?»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እንኳን ጊደሯ ተረፈችልዎ። እብጠቱን አለመብጣትዎ በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን ደብዳቤዎን ሳነብ ከጊደሯ ይልቅ ያሳሰበኝ የአምናው ወይፈን ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ማታ ደህና የገባ ከብት ጠዋት ሞቶ ከተገኘ፣ ባፍንጫው ወይም በፊንጢጣው ጥቁር ደም ከፈሰሰ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አባ ሰንጋ ነው። እባብ የነደፈው ከብት አብዛኛውን ጊዜ ያብጣል፣ ያነክሳል፣ ያለከልካል፤ ሲታመም ይታያል። አባ ሰንጋ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት ለማሳየት እንኳን ጊዜ አይሰጥም። ሰው ቢሳሳት አልፈርድም። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ደሙ አይረጋም፤ የእፉኝት መርዝም ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። በእባብ የሞተ ከብት ሌላውን አያሲዝም። አባ ሰንጋ ሰውም ይይዛል። ሬሳው ሲከፈት ጀርሙ አየር ያገኝና ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል፤ በዚያ ቅርፊት ውስጥ ሆኖ አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት መቆየት ይችላል። ስለዚህ ድንገት የሞተ ከብት አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ አይበላ። ውሻም እንዳይደርስበት ጠብቃችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ለወደፊቱ ደግሞ ቆዳ ከገፈፈው ሰው እጅ ወይም ክንድ ላይ መጀመሪያ የሚያሳክክ፣ በኋላ መሐሉ እንደ ከሰል የሚጠቁርና ብዙም የማያምም ቁስል ከወጣ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቶሎ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል።

አንድ ሌላም አለ፤ አባ ጎርባ። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለውን፣ በተለይ ሥጋ የያዘውን ወጣት ከብት ይመርጣል። ታፋው ወይም ትከሻው ያብጣል። እብጠቱን በጣትዎ ሲጫኑት ከሥር አየር እንዳለበት ነገር ይንኮሻኮሻል። ይህንንም ብዙ ሰው እባብ ነው ይላል። የሁለቱም ክትባት እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ያስከትቡ። የአምናው ወይፈን በተጣለበት አካባቢ የሚግጥ ከብት ካለዎትማ ክረምትን አይጠብቁ፤ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዛሬውኑ ያነጋግሩ።

አሁን ወደ ጊደሯ። የእርሷ ነገር የእባብ ይመስላል። ከብት ሣር ውስጥ የማያውቀው ነገር ሲያይ ቀረብ ብሎ ያሸታል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚነደፈው አፍንጫው ላይ ነው። ልጅዎ ያየው አጭርና ወፍራም እባብ ደግሞ እፉኝት ሳይሆን አይቀርም። የከብት ሰውነት ትልቅ ስለሆነ ፍየልን የሚገድል መርዝ ትልቅ ከብትን ላይገድል ይችላል። አደጋው እብጠቱ ነው። አፍንጫዋ ተደፍኖ መተንፈስ ሊያቅታት ይችላል። ለዚህ ነው አንገቷን እሰር የሚለው ምክር መጥፎ የሚሆነው። እንዲያውም ከተነደፈ ከብት አንገትና ራስ ላይ ያለ ገመድ ሁሉ ቶሎ ይፈታል።

ሌላ ጊዜ ቢያጋጥምዎ አያስሩጧት። ጥላ ሥር ያቁሟት፣ ውኃ አጠገቧ ያኑሩላት። በጠርሙስ ግን ምንም አይጋቷት። ጉሮሮዋ ካበጠ የተጋተችው ወደ ሳንባዋ ይገባል፤ ከእባቡ የተረፈች ከብት በዚህ ትሞታለች። ሐኪሙ ሲመጣ የእብጠት ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ይወጋታል። አሁንም ቢሆን ያሳዩዋት፤ ከቀናት በኋላ የተነደፈው ቦታ ቆዳው ጠቁሮ ሊላጥ ይችላል። ያኔ ዝንብ ዕንቁላሉን እንዳይጥልባት ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውኃ በየቀኑ ይጠቡላት።

ወደ ሰው እንምጣ። እባብ ሰውን አሳዶ አይነድፍም። የሰው ኮቴ መሬቱን ሲያነቃንቅ ይሰማዋል፣ አብዛኛውም ይሸሻል። እፉኝት ግን ከዚህ ይለያል። መልኩ ከደረቀ ቅጠልና ከአፈር ጋር ስለሚመሳሰል አይታይም፤ ባለበት ተጋድሞ ይቀራል። ሰው ሲጠጋው ትንፋሹን ሞልቶ ኡፍፍ ይላል። ይህን ድምፅ ከሰሙ ባሉበት ቀጥ ይበሉ፣ በዓይንዎ ይፈልጉት፣ ከዚያ በመጡበት ወደ ኋላ ይመለሱ። በቆላው ደግሞ ትንሽ፣ ተጠቅልላ ጎኗን ከጎኗ ጋር እያፋተገች እንደ መጋዝ የምታሰማ እፉኝት አለች። ትንሽነቷ አያታልልዎ፤ ደም እንዳይረጋ በማድረግ የከፋችው እሷ ናት። አንገቱን አስፍቶ ቀጥ የሚለው ኮብራ ነው፤ ከመሐላቸው መርዙን ከ2 ሜትር በላይ ወደ ዓይን የሚተፋም አለ። ዘንዶ ትልቅ ቢሆንም መርዝ የለውም።

ስለዚህ ጫካ ሲገቡ ዓይንዎ ያላየው ቦታ እጅዎና እግርዎ አይግባ። የወደቀ ግንድ በአንድ እርምጃ አይሻገሩ፤ መጀመሪያ ላዩ ላይ ቆመው ከማዶው ምን እንዳለ ይዩ። እንጨት ሲለቅሙ መጀመሪያ በባላ ገልብጡት፣ ከዚያ አንሱት። እንጨት የሚለቅሙትም፣ ጥጃ የሚያባርሩትም ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸውና ይህን ለልጆቹ አሳዩአቸው። በቃል ከመንገር ይልቅ አንድ ቀን አብረዋቸው ሄደው ቢያሳዩአቸው ይሻላል።

ለአጨዳ ሠራተኞችዎ ደግሞ የፕላስቲክ ቦቲ ይግዙላቸው። ዋጋው አንድ ሠራተኛ ሆስፒታል ቢተኛ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። ሰሊጥ ሲታጨድ እጅ ከሥር ገብቶ ነው ግንዱን የሚይዘው፤ ከፊት አንድ ሰው በዘንግ ሣሩን እየመታ ይሂድ። ሂላው (እንዲደርቅ የቆመው የሰሊጥ ነዶ ክምር) ቆሞ ከሰነበተ በኋላ ነዶውን ሲያነሱ ከሥሩ እጅ አይስደዱ። ጥላና አይጥ ባለበት እባብ ይኖራል። ማታ ሠራተኛው መሬት ላይ እንዳይተኛ ቆጥ ይሥሩለት፣ አጎበሩንም ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ይወሽቀው። አጎበሩ ለወባ ብቻ አይደለም። ሌሊት ለሽንት ሲወጣ ባትሪ አብርቶ፣ ቦቲውንም አራግፎ ያጥልቅ።

እባቡን ፈልጌ ልግደለው ወይ ላሉት፣ አይፈልጉት። ብዙ ሰው የሚነደፈው ሊገድለው ሲል ነው። ጭንቅላቱ የተቆረጠ እባብ እንኳን ለጥቂት ጊዜ መንደፍ ይችላል። ግቢ ውስጥ ከገባ ሌላ ነገር ነው። ያኔም ልጆችን አርቀው፣ መውጫ ትተውለት፣ ከሩቅ ይጠብቁት። ጫካ ውስጥ ያለው ግን አይጥ የሚበላልዎ ነውና ይተዉት።

ሰው ከተነደፈስ? እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት መተማ በኩል አንድ የቀን ሠራተኛ ቁርጭምጭሚቱን ተነድፎ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ደረስኩ። ከጉልበቱ በታች በቀበቶ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። በምላጭም በጥተውታል። ግማሽ ቀን እንደዚያ ሆኖ ነው የመጣው። ከቀበቶው በታች እግሩ እንደ ጣውላ ጠንክሮ ጠቁሯል፤ ምላጭ የነካው ሁሉ ደም ያንጠባጥባል። ነርሷ ከክንዱ ትንሽ ደም ቀድታ በንጹሕ የመስታወት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። 20 ደቂቃ ማንም አልነካውም። ከዚያ ዘንበል አደረገችው። ረግቶ መቆየት የነበረበት ደም እንደ ውኃ ፈሰሰ። የእፉኝት መርዝ እንደሆነ ያወቁት በዚህ ነው። ማርከሻው ተሰጠውና ሕይወቱ ተረፈ። እግሩ ግን ተቆረጠ። እግሩን የወሰደው መርዙ ብቻ አይመስለኝም፤ ቀበቶውም ድርሻ ነበረው።

እንግዲህ አይሰር፣ አይበጣ፣ በአፍ አይመጠጥ። ጥቁር ድንጋይም ቁስሉ ላይ ቢያስቀምጡት መርዝ አይስብም። ያ ሁሉ ጊዜ ያባክናል። የተነደፈውን ሰው ያረጋጉት፣ ያስተኙት። ቀለበት፣ አምባር፣ ጫማ ከማበጡ በፊት ያውጡለት። የተነደፈውን እግር በእንጨትና በጨርቅ እንደ ተሰበረ አጥንት ደግፈው፣ ሳያጠብቁ፣ እንዳይንቀሳቀስ ያድርጉት። በእግሩ አይሂድ፤ ሲራመድ መርዙ ቶሎ ይሰራጫል። በቃሬዛ ይሸከሙት። ያለው ሞተር ብስክሌት ብቻ ከሆነ ከነጂውና ከኋላ ከሚደግፈው ሰው መሐል ያስቀምጡት። ካስመለሰው በጎኑ ያስተኙት። የዓይኑ ቆብ ወደ ታች ከወደቀ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተው፣ መርዙ ነርቭ የሚያጠቃ ነው፤ ትንፋሹ ሊቆም ስለሚችል አንድም ደቂቃ አይዘግዩ። የተነደፈበትን ሰዓት ይያዙ። እባቡን ግን ይዘን እንሂድ አይበሉ።

መርዙ ዓይን ውስጥ ከተተፋ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይጠቡ። ውኃ ከጠፋ ወተትም ቢሆን። ማሸት ክልክል ነው። ከዚያ ሐኪም ይየው።

ማርከሻው በየጤና ኬላው አይገኝም፤ ሆስፒታልም ቢሆን የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት ደውለው የትኛው ጤና ተቋም ማርከሻ እንዳለው ይጠይቁ። የእሱንና የአምቡላንሱን ስልክ ካምፑ ውስጥ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በከንቱ አይደለም። ድርጅቱ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በዚህ እንደሚሞት ይገምታል። አብዛኛው እንደ እርስዎና እንደ ሠራተኞችዎ ማሳ ላይ የሚውል ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ለነገ አያሳድሩብኝ። ወይፈኑ የተጣለበትን ቦታ የሚያውቀው ያ እረኛ ልጅዎ ከሆነ፣ ይዘውት ይሂዱና ዙሪያውን በእሾህ ያጥሩት። አጥንቱን በእጅ አይንኩ። ባለሙያው ሲመጣ ቦታውን ያሳዩት፣ ከብቶቹም እስኪከተቡ ድረስ በሌላ በኩል ይሰማሩ።