በማን ገንዘብ፣ በምን ዓይነት ቪዛ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። በሂሳብ አያያዝ በዲግሪ ከተመረቅሁ ዓመት አልፎኛል፤ እስካሁን በሙያዬ ቋሚ ሥራ አላገኘሁም። በቅርቡ የተዋወቅሁት ደላላ በውጭ አገር ከተማ የቢሮ ሥራ እንዳለ፣ በቱሪስት ቪዛ ከገባሁ በኋላ እዚያው ወደ ሥራ ፈቃድ እንደሚቀየርልኝ፣ ለዚህም «ማስፈጸሚያ» ያለውን ገንዘብ አስቀድሜ መክፈል እንዳለብኝ ነግሮኛል። የሥራ ውሉን የማየው እዚያ ስደርስ እንደሆነም ገልጾልኛል። ቤተሰቦቼ ተበድረው ሊከፍሉልኝ ተስማምተዋል። ዕድሉ እንዳያመልጠኝ እሰጋለሁ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ነገሩ በጻፉልን መልክ ከሆነ ይህ ጉዞ ይቅርብዎ። እንዲህ የምለው ወጣት ሆኖ ከአገር ወጥቶ ሥራ መፈለግን ስለምቃወም አይደለም፤ በሚገባ ተዘጋጅተው ሄደው ሙያቸውን ያሳደጉና ቤተሰባቸውን ያኮሩ ብዙዎች ናቸው። የሚያሳስበኝ የቀረበልዎ መንገድ ዕዳን፣ ለሥራ ያልተሰጠ ቪዛንና ያልታየ ውልን በአንድነት የያዘ መሆኑ ነው፤ እያንዳንዳቸው አሠሪዎን «ይህንን አልቀበልም» የማለት አቅምዎን ይነጥቁዎታል።

ከሁሉም የሚከብደው ዕዳው ነው። ተበድሮ የሄደ ሰው ደመወዙ ከተነገረው በታች ሆኖ ሲያገኘው፣ የሥራ ሰዓቱ ሲረዝምበት ወይም ክብሩ ሲነካ ጥሎ ለመውጣት አይደፍርም፤ ባዶ እጁን ቢመለስ ዕዳው በቤተሰቡ ላይ እንደሚወድቅ ያውቃልና። ይህንን መጥፎ አሠሪም ያውቃል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራን ለመለየት ከዘረዘራቸው 11 ምልክቶች መካከል አንዱ በዕዳ መያዝ የሆነው ለዚህ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ያጸደቀው የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን የሚመለከተው 181ኛው ስምምነት፣ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይጠይቁ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። በ2016 የወጡት የፍትሐዊ ምልመላ መርሆዎችም የምልመላ ወጪ በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ሊወድቅ እንደማይገባ ይደነግጋሉ። ስምምነቱን ያላጸደቁ አገሮች ብዙ ቢሆኑም፣ ስምምነቱ ራሱም ለተወሰኑ የሠራተኛ ዓይነቶች ልዩ ሁኔታን ቢፈቅድም፣ ለእርስዎ ጥሩ መለኪያ ይሆንዎታል። በእውነት ሠራተኛ የቸገረው ድርጅት ሠራተኛውን ለማስመጣት ወጪ ያወጣል እንጂ ከሥራ ፈላጊ ኪስ አይሰበስብም። ለፓስፖርት ወይም የትምህርት ማስረጃን ለማረጋገጥ በደረሰኝ የሚከፈል የመንግሥት ክፍያ ሌላ ነው፤ ዝርዝሩ የማይታወቅ «ማስፈጸሚያ» ግን ለምን እንደተከፈለ ነገ ማንንም ሊጠይቁበት የማይችሉት ገንዘብ ነው።

ወደ ቪዛው ስንመጣ፣ የጉብኝት ቪዛን እዚያው ወደ ሥራ ፈቃድ መቀየር የሚፈቅዱ አገሮች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ በርካታ አገሮች ግን ማመልከቻው ከጉዞ በፊት እንዲቀርብ ያስገድዳሉ። በሚፈቅዱትም ቢሆን ፈቃዱ እጅዎ እስኪገባ ድረስ መሥራት ሕገ ወጥ ነው። በዚህ መካከል ደመወዝ ቢከለከሉ ለማን ይከሳሉ? አቤት ለማለት መሥሪያ ቤት ቢሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት የራስዎን ወረቀት ነው። ሥራ ለመፈለግ በሕጋዊ መንገድ መሄድ የሚቻልባቸው አገሮች እኮ አሉ፤ ለምሳሌ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ «የዕድል ካርድ» በሚል ስም፣ የትምህርትና የቋንቋ መስፈርት አሟልተው መተዳደሪያ ገንዘብ እንዳላቸው ለሚያሳዩ ሰዎች እስከ አንድ ዓመት ሥራ የሚፈልጉበትን፣ በሳምንትም እስከ 20 ሰዓት የሚሠሩበትን ፈቃድ ትሰጣለች። እንዲህ ያለው መንገድ ረጅምና አድካሚ ቢሆንም ሲደርሱ ራስዎን ችለው የሚቆሙበት ነው።

የተማረ ሰው በቀላሉ አይታለልም የሚለውን እምነትም ቢተዉት እመርጣለሁ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት በማይናማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ ደግሞ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች በኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ማዕከላት ውስጥ ተገድደው በሚሠሩበት ሁኔታ ላይ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገምቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ኮምፒዩተር የሚችሉ፣ ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በዲግሪ የተመረቁ ወጣቶች ሲሆኑ የተጠሩትም ለቢሮ ሥራ ነበር።

አሁን ምን ያድርጉ? ለደላላው «የአሠሪውን ሙሉ ስም የያዘውን ውል ላክልኝ፣ አንብቤ እወስናለሁ» ይበሉት። ውሉ ካለ መላክ አይከብደውም፤ «ጊዜ የለም፣ ቦታው ሊያዝ ነው» እያለ ካጣደፈዎት መልሱን አግኝተዋል። ውሉ ከመጣ በውሉ ላይ ያለው የአሠሪ ስም በቪዛው ማመልከቻ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። ቀጥሎ የደመወዙን አንቀጽ ቀስ ብለው ያንብቡ። ብዙ ጊዜ ከላይ የሚታየው ጠቅላላ ድምር ያጓጓል፤ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ግን መሠረታዊ ደመወዙ የድምሩ ሲሶ ብቻ ሆኖ የቀረው የቤት፣ የትራንስፖርትና የምግብ አበል ተብሎ ተከፋፍሎ ያገኙታል። በብዙ አገሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያና የአገልግሎት ካሳ የሚሰላው በመሠረታዊው ደመወዝ ላይ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የድርጅቱን ስልክ ደላላው ከሰጠዎ ወረቀት ላይ ሳይሆን ከአገሩ የንግድ መዝገብ ወይም ከድርጅቱ ድረ ገጽ ራስዎ ፈልገው ይደውሉና እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ መኖሩን ይጠይቁ። ብሪታኒያን የመሰሉ አገሮች የውጭ ሠራተኛ ለማስመጣት ፈቃድ ያላቸውን አሠሪዎች ስም ዝርዝር ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ያወጣሉ። ይህን ሁሉ ሲያጣሩ ዕድሉ ቢያመልጥዎ፣ ያመለጠዎ ዕድል መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ነርስ ነኝ። ሥራ ለመፈለግ በሕጋዊ ቪዛ ወደ ውጭ አገር ከተማ ከመጣሁ አራት ወር ሆኖኛል። ያለ ሙያ ፈቃድ ሆስፒታል ሊቀጥረኝ እንደማይችል የተረዳሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። የያዝኩት ገንዘብ እያለቀ ነው። ለቤተሰቦቼ ግን ሆስፒታል ውስጥ እየሠራሁ እንደሆነ ነግሬአቸዋለሁ። ልመለስ ብል አፍራለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ የገጠመዎት የብቃት ማነስ እንዳይመስልዎ። ነርስነት፣ ሕክምና፣ ፋርማሲና መምህርነት በአብዛኞቹ አገሮች በሕግ የተጠበቁ ሙያዎች ስለሆኑ ዲግሪ ብቻውን አያሠራም፤ የአገሩ ተቆጣጣሪ አካል ትምህርትዎን መርምሮ ዕውቅና መስጠት አለበት። ይህ ወራት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ይጀምሩት። የተማሩበት ተቋም የትምህርት ማስረጃዎን፣ ፈቃድ የሰጠዎ አካል ደግሞ በመልካም ስነ ምግባር መሥራትዎን የሚገልጸውን ደብዳቤ በቀጥታ ለተቆጣጣሪው እንዲልኩ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፤ እርስዎ በእጅዎ ያቀረቡት ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። በፓስፖርትዎና በዲግሪዎ ላይ የስምዎ የላቲን ፊደላት አጻጻፍ አንድ መሆኑንም ይዩ። በአንዱ ላይ አንድ ፊደል ተደግሞ በሌላው ላይ ካልተደገመ ማመልከቻው ለሳምንታት ሊቆም ይችላል፤ ልዩነት ካለ የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ማስረጃ አስቀድመው ያሠሩ። የቋንቋውን ፈተናም አይዘንጉ፤ ለምሳሌ በጀርመን ለነርስነት በአብዛኛው ቢ2 የሚባለው፣ ከመካከለኛ ከፍ ያለ የቋንቋ ደረጃ ይጠየቃል።

እስከዚያው ቪዛዎ የሚፈቅድ ከሆነ በአረጋውያን መንከባከቢያ ወይም በሆስፒታል ረዳትነት መሥራት ከሙያዎ አያርቅዎትም፤ ቋንቋውን የሚያፋጥን ሌላ ትምህርት ቤትም የለም። ይህን ሥራ ዝቅ ያለ አድርገው እንዳይመለከቱት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ስለ ገንዘቡ የምመክርዎ፣ የመመለሻ ትኬት ዋጋውን ዛሬ ለብቻው አድርገው ምንም ቢመጣ እንዳይነኩት ነው። ከዚያ ከቀረው ገንዘብ ተነሥተው የሚወስኑበትን ቀን ይቁረጡ፤ ቀኑ ሲደርስ የሙያ ፈቃዱ ሂደት ካልተንቀሳቀሰና ሕጋዊ ገቢ ካልተገኘ ይመለሱ፣ ሂደቱንም ከአገርዎ ሆነው ይቀጥሉ። ማመልከቻው በአብዛኛው ከሩቅ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። የቪዛ ቀን አሳልፎ መቆየት ግን ለወደፊቱ በሩን ሊዘጋብዎ ስለሚችል፣ በእፍረት ተገፍተው ወደዚያ እንዳይገቡ።

ለቤተሰብዎ የተናገሩትን በተመለከተ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መንገር ከከበደዎት ልበ ሰፊ ለሆነ አንድ ሰው እውነቱን ይንገሩ። ሐሰቱ እየቆየ ሲሄድ ገንዘብ ላኪ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ለትኬት ያስቀመጡትን ለመላክ ይገደዳሉ። ወላጆች ከሚያዝኑበት ነገር ሁሉ የሚከፋቸው ልጃቸው ተቸግራ ሳያውቁ መቅረታቸው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ በሕጋዊ ውል ለቤት ሠራተኛነት ወደ ውጭ አገር ከተማ ልትሄድ ቀን ተቆርጦላታል። ሐሳቧን ማስለወጥ አልቻልኩም። አባቷ እንደመሆኔ ከመሄዷ በፊት ምን ላድርግላት?

መልስ፦ አባታችን፣ የፓስፖርቷን፣ የቪዛዋንና የውሏን ግልባጭ፣ የአሠሪውንና የኤጀንሲውን ሙሉ አድራሻ ከእርስዎ ዘንድ ያስቀምጡ፤ እርሷም ፎቶግራፋቸውን አንስታ በኢሜይሏ ታስቀምጥ፤ ስልኳ ቢወሰድባት እንኳ ከሌላ ስልክ ታገኘዋለች። የኤምባሲውን ወይም የቆንስላውን ስልክ በቃሏ ትያዝ። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2011ዱ 189ኛ ስምምነት፣ ሠራተኛዋ ድንበር ከመሻገሯ በፊት የጽሑፍ ውል ወይም አሠሪው ሥራ እንደሚሰጣት የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲደርሳት፣ ፓስፖርቷም በራሷ እጅ እንዲቆይ ይደነግጋል። የምትሄድበት አገር ስምምነቱን ባያጸድቀውም እንኳ ፓስፖርትን መንጠቅ የግዳጅ ሥራ ምልክት መሆኑን ታውቅ። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ደግሞ የታሰረ የውጭ ዜጋ ከአገሩ ቆንስላ ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ያረጋግጣል።

ከሁሉ በላይ በስልክ የሚጠያየቁበትን አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ አስቀድመው ይስማሙበት። አሠሪዎቿ አጠገቧ ቆመው ስትናገር «ደህና ነኝ» ማለቷ አይቀርም፤ ስለ አንዲት ዘመድ ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ ግን ትክክለኛውን ሁኔታ ሊነግርዎ ይችላል። በተስማሙበት ቀን ካልደወለች ስንት ቀን ጠብቀው ለቆንስላው እንደሚያመለክቱም አሁኑኑ አብረው ይወስኑ፤ ቀኑ ሲደርስ ግልባጮቹን ይዘው ሳያመነቱ ይሂዱ።