ለደከመች ላፕቶፕ የትኛው የዳታቤዝ ፕሮግራም ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምሠራው ሐዋሳ፣ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ነው። የአባላቱ መዝገብ ያለው ማይኤስኪውኤል የሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው። ሲስተሙን የሠራልን ልጅ ሥራ ለቆ ሄደ። አሁን ሪፖርት በተፈለገ ቁጥር ጣጣው እኔ ላይ ነው። የዳታቤዝ ማዘዣ ቋንቋውን፣ ኤስኪውኤልን፣ ኮሌጅ እያለሁ ትንሽ ተምሬአለሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፣ ራሙ 4 ጂቢ ብቻ። ዳታቤዙን ለመክፈት አንዱ ዲቢቨር ጫኚ ይለኛል፣ ሌላው ወርክቤንች። የቱ ይሻለኛል?
ሪፖርት የሰለቻት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ላንቺ ላፕቶፕ ግን ይከብዳሉ። ዲቢቨር የሚሠራው በጃቫ ነው። አጠገቡ ክሮምና ኤክሴል ከከፈትሽ ማሽኗ ማቃሰት ትጀምራለች። ሃይዲኤስኪውኤል ይሁንልሽ። ነጻ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራ ቅጂም አለው። ነገ ወደ ሌላ ዳታቤዝ፣ ወደ ፖስትግሬስ ብትዞሩ እንኳ ያገለግልሻል።

ያ ልጅ ትቶልሽ የሄደው የይለፍ ቃል ሁሉ የተፈቀደለት ተጠቃሚ፣ የ“ሩት” ነው አይደል? ገምቻለሁ። በሱ ገብተሽ ሪፖርት አታውጪ። ሲሌክት (ማንበብ) ብቻ የተፈቀደለት ሌላ ተጠቃሚ ክፈቺ። ለሪፖርት ከዚያ በላይ አያስፈልግሽም።

ይህን የምልሽ እጄ ስለተቃጠለ ነው። አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ጋ ስሠራ የአንድ ደንበኛ ስልክ ላስተካክል አፕዴት (የመቀየሪያ ትዕዛዝ) ጻፍኩ። ሁለት መስመር ነበር፤ የትኛው ረድፍ እንደሚቀየር የሚለየው ዌር ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። በማውስ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አጥቁሬ አስኬድኩት። የምጠቀመው ወርክቤንች ነበር። ወርክቤንች ያለ ዌር የመጣ አፕዴት ሲያይ ስህተት 1175 ብሎ እምቢ ይላል። እኔ ግን መከልከሉ አሰልችቶኝ ከሳምንት በፊት አጥፍቼዋለሁ! የሁሉም ደንበኛ ስልክ አንድ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሾፌሮቻችን የትም ይሂዱ የት፣ ሲደውሉ የሚያነሳው ጉለሌ ያለ አንድ ባለፋርማሲ ሆነ። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ስልኩን ዘጋው። እኔን ያወጣኝ የማታው ባክአፕ ነው።

ስለዚህ መቀየር ግድ ሲሆንብሽ መጀመሪያ ስታርት ትራንዛክሽን በዪ። አፕዴቱን አስኪጂና ስንት ረድፍ እንደተነካ እዪ። የጠበቅሽው 1 ሆኖ የመጣውም 1 ከሆነ ኮሚት (አጽድቂው)። አለበለዚያ ሮልባክ (ወደነበረበት መልሺው)። ሮልባክ የሚያድንሽ ግን የሠንጠረዦቹ ኢንጂን (ዳታው የሚቀመጥበት ስልት) ኢኖዲቢ የሚባለው ከሆነ ነው። ከማይኤስኪውኤል 5.5 ወዲህ ሌላ ካልታዘዘ የሚፈጠሩት እንደዚያ ናቸው። ሲስተማችሁ የቆየ ከሆነ ግን ማይአይሳም የሚባለው ኢንጂን ሊያጋጥምሽ ይችላል፤ እሱ ላይ የተቀየረ ተቀየረ ነው። ሃይዲ ላይ የዳታቤዙን ስም ስትነኪ የሠንጠረዦቹ ዝርዝር ይመጣል፤ ኢንጂን የሚለውን ዓምድ እዪው።

ሌላው፣ ሪፖርቱን በሲኤስቪ አውጥተሽ በኤክሴል ስትከፍቺው የአባላቱ ስም የማይነበብ ዝብርቅርቅ ቢሆን ዳታው ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ። ፋይሉን ዝጊው። ኤክሴልን ባዶውን ክፈቺ፣ ዳታ በሚለው ገብተሽ ፋይሉን አስገቢ፣ ፋይል ኦሪጅን የሚለው ላይ 65001ን ምረጪ። ፊደሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።